የጣና ነፋስ ከሰባት ሰዓት በኋላ፦ ከጅማ ሄደን በደሴቶች መካከል የሰነበትንባቸው አራት ቀናት

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፣ የልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ከጅማ ተነሥተን ባሕር ዳር ሄድን፤ ከዚያም ጀልባ ተከራይተን አራት ቀን በዘጌ ዳርቻና በጣና ደሴቶች ስንዘዋወር ሰነበትን። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ጉዞ ያሰቡ ዘመዶችና የሥራ ባልደረቦች በየጊዜው ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዱ በቃል ከመድገም ያየሁትን፣ የተሳሳትኩትንና አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ይጠቅመኝ የነበረውን በጽሑፍ ለማስፈር ወሰንኩ።

እኛ የጅማ ሰዎች ከሰፊ ውኃ ጋር ያለን ትውውቅ ጥቂት ነው። ልጆቼ ከከተማው ዳር ካለው ከቦዬ ኩሬና ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ከመኪና መስኮት ከሚያዩት ከግልገል ጊቤ ግድብ በቀር ሌላ ውኃ አያውቁም ነበር፤ እኔም ብሆን ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ስለዚህ ጣናን በሐሳባችን የሳልነው ትልቅ ኩሬ አድርገን ነበር። ጣና ግን ከሰሜን እስከ ደቡብ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት የሸፈነ፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከሁሉ በሚበልጥበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ይህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ተራ መረጃ ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋስ በተነሣ ጊዜ ሞገዱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚቆጣው፣ አጭር አጭርና ተደራራቢ ሆኖ ጀልባውን የሚደበድበው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ይህን የተረዳነው በሁለተኛው ቀን፣ ውኃው ላይ ሆነን ነው።

የመንገዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ በአባይ በረሃና በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ባሕር ዳር ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉ አዲስ አበባ አደርን። አቅሙ ያለው ሰው አረጋውያንን ከጅማ በአውሮፕላን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል፤ አማቴ ከአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ይልቅ ሐይቁ እንደቀለላቸው ዛሬም ይናገራሉ። መንገዱ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ከመነሣት በፊት የሳምንቱን ሁኔታ ከአገሩ ሰው መጠየቅ የግድ ነው። በከፍታ ረገድ ባሕር ዳርና ጅማ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ አየሩ አያስቸግርም፤ ወባውም እንደ አገራችን ስላለ አጎበር ይዘናል።

ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ግን የትኞቹን ደሴቶች ማየት እንደሚቻል ነው። በጣና ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ ብዙዎቹም አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት አሏቸው። ከእነዚህ መካከል ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። በዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ በደቅ ደሴት ዳር ያለው ናርጋ ሥላሴ፣ ከክብራን ጎን ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ ለከተማው ቅርብ የሆነው ደብረ ማርያም ግን ሴቶችንም ይቀበላሉ። ይህን ሳያጣሩ የሚመጡ ቤተሰቦች እንዳሉ የጀልባችን ካፒቴን ነግሮናል፤ አባትና ወንድ ልጅ ገዳሙን ሲሳለሙ እናትና ሴት ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ይቀመጣሉ። እኛ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ስለነበርን ጉዟችንን ያቀድነው በሴቶቹ ነበር፤ ባለቤቴና ታናሹ ልጄ ዳጋ በሚወጡበት ጊዜ እኛ ናርጋ እንድንቆይ አስቀድመን ተስማማን።

ጀልባ ስንፈልግ የመጀመሪያው ባለ ጀልባ ያሳየን ጣራ ያላት፣ መቀመጫዋ ለስላሳ፣ ቀለሟም አዲስ የሆነች ጀልባ ነበረች። ባለቤቴ ዋጋ መከራከር ሲጀምር እኔ ላይፍ ጃኬቶቹን ለማየት ጠየቅኩ። ከመቀመጫው ሥር ወጥተው ተሰጡን፤ ሁሉም የትልቅ ሰው ነበሩ። የስምንት ዓመቱን ልጄን አንዱን አልብሼ፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ እስከመጨረሻው ስቤ፣ ሁለቱን ትከሻዎች ይዤ ወደ ላይ ባነሣው ጃኬቱ በጆሮው በኩል ሾልኮ እጄ ላይ ቀረ፤ ልጁ ግን ቆሞ ነበር። ውኃ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ይወርዳል። ባለ ጀልባው «ሐይቁ ሰላም ነው፣ ምንም አይሆንም» አለን። አመስግነን ሄድን። ሦስተኛው ዘንድ ስንደርስ በእግር መካከል የሚታሰር ቀበቶ ያላቸው ሁለት የልጅ ጃኬቶች አገኘን፤ ጀልባዋ አሮጌ፣ መቀመጫዋም ጣውላ ነበር፤ እሷኑ ያዝን። ዋጋ ስትነጋገሩ ነዳጁ፣ የካፒቴኑ ምግብና ጀልባው ውጭ የሚያድርባቸው ሌሊቶች በውሉ ውስጥ መሆናቸውን ለዩ፤ የገዳማቱ መግቢያ ክፍያ ለብቻው ነው። ሁለተኛ መለዋወጫ ሞተር ወይም ቢያንስ መቅዘፊያ መኖሩንም ዓይታችሁ አረጋግጡ።

በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ተነሥተን በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ዘጌ ደረስን። ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር፤ ዓሣ አጥማጆች ከደንገል በተሠሩ ታንኳዎች ላይ ተቀምጠው አጠገባችን ያልፋሉ። አንደኛው ዳር ሲደርስ ታንኳውን ከውኃው አውጥቶ በጀርባው ተሸክሞ አቆመው፤ ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ሁልጊዜ መድረቅ አለበት፣ እንዲያም ሆኖ የሚያገለግለው ጥቂት ወር ነው። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ያዩትን ታንኳ ሁሉ «ይህ ደርቋል፣ ይህ አልደረቀም» እያሉ ሲመድቡ ዋሉ።

ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው የእግር መንገድም ከዳር እስከ ዳር በቡና ደን ውስጥ ያልፋል። ለጅማ ሰው ይህ መንገድ እንግዳም ነው፣ ቤትም ነው። ከላይ ብርብራውና ዋንዛው፣ ከሥር ቡናው፤ አማቴ በየአሥር እርምጃው ቆመው ቅጠል እየገለበጡ ያያሉ። የአካባቢው ሰዎች እንደሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ተክለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ወጣላቸው፤ በበሬ ማረስና ከብት ማርባትም በዘጌ እንዳይሆን ስለተከለከለ ደኑ እስከ ዛሬ ቆየ። አማቴ ይህን ያጫወቱንን አባት በአክብሮት አዳምጠው ሲያበቁ «አባቴ፣ የቡና አገሩማ ከፋ ነው» አሉ። አባ ፈገግ ብለው «ይሁን እናቴ፤ እዚህ ደግሞ ጸሎት ያበቀለው ነው» አሏቸው። ክርክሩ በዚህ አበቃ ብለን ነበር።

አላበቃም። በማግስቱ ከዘጌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ወደ ደቅ ደሴት ለመሻገር ካፒቴኑ ቀጥሮን ነበር። አማቴ ግን ከጅማ ይዘውት የመጡትን ቡና ከዘጌው ጋር ጎን ለጎን ቆልተው ሳያወዳድሩ አልሄድም አሉ፤ ያሳደሩን የቤት እመቤትም ደስ ብሏቸው ረከቦት ዘረጉ። ከሁለት ጀበና አቦል፣ ቶናና በረካ ተጠጣ። ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ መጥቶ «እትዬ፣ ውኃው አይጠብቅም» አለኝ፤ እኔም ሁለቱንም ጊዜ «አሁን፣ አሁን» አልኩት። የተነሣነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካፒቴን ስለ ሰዓት ሲናገር የሚናገረው ስለ አየሩ መሆኑን አላወቅኩም።

ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ የሚነሣበትን ምክንያት ካፒቴኑ ኋላ አስረድቶኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውኃው ይልቅ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው አየር ሊተካው ወደ ዳር ይነፍሳል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ማለዳ ላይ ጸጥ ይላል። በደቡቡ ዳርቻ፣ በባሕር ዳርና በዘጌ በኩል፣ የቀኑ ነፋስ ከሰሜን ይመጣል ማለት ነው፤ እኛ በቆየንባቸው ቀናትም ከሰባት ሰዓት አካባቢ ጀምሮ እስከ ምሽት እንደዚያው ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን በዘጌና በደቅ መካከል፣ መጠጊያ በሌለበት ሰፊ ውኃ ላይ ነበርን። መጀመሪያ ከፊታችን ውኃው ጠቆረ፤ ከዚያ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጭ አረፋ ታየ። የጀልባዋ አፍንጫ እየተነሣ ሲወድቅ ውኃው በጣራው ላይ ይረጫል፤ ባለቤቴ በጆግ መቅዳትና ማፍሰስ ጀመረ፤ አማቴ ጸሎታቸውን ያዙ፤ ታናሹ ልጄ አስመለሰው። ካፒቴኑ አልተጨነቀም፤ ነገር ግን አልቀጠለምም። ሞተሩን ቀንሶ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውን ዝቅታ ጠብቆ በአንድ ጊዜ አዞራትና ወደ ዘጌ ተመለስን። ሁላችንንም ከመቀመጫው አውርዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠን፤ ክብደት ዝቅ ሲል ጀልባ አይገለበጥም አለ። ስንመለስ ሞገዱ ከኋላ እየመጣ የጀልባዋን ጭራ ያነሣ ስለነበር መመለሱ ከመሄዱ ይበልጥ አስፈራኝ። ወደፊት መግፋት እንጂ መመለስ ሽንፈት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ልጅ ይዞ ውኃ ላይ ባይወጣ ይመረጣል።

የዘጌን ጫፍ ዞረን በደቡብ በኩል ወዳለው ሥርጥ ስንገባ የሆነውን በቃላት መግለጽ ያስቸግረኛል። ከላይ የዛፎቹ ጫፍ ይወዛወዛል፣ ነፋሱ ያፏጫል፤ ውኃው ግን ተኝቷል። የባሕረ ገቡ ኮረብታና ደን ነፋሱን ጋርደውታል፤ ዳር ዳሩን የበቀለው ደንገልም የተረፈውን ሞገድ ይውጠዋል። ካፒቴኑ የብረት መልህቁን ጣለ፤ ጀልባዋ ጥቂት ተንሸራተተች። ገመዱን ሳያስር በሁለት ጣቶቹ ይዞ ዝም አለ። ልጄ ምን እያደረገ እንደሆነ ስትጠይቀው «ነይ፣ ያዥው» ብሎ ጣቷን ገመዱ ላይ አኖረላት። ገመዱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መልህቁ ጭቃው ላይ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። አነሣውና እንደገና ጥሎ በዚህኛው ጊዜ ብዙ ገመድ ለቀቀለት፤ ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ቢሆን ገመዱ የአሥር ሰው ቁመት ያህል ነበር። ገመድ ሲያጥር መልህቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል፣ ሲረዝም ግን አስተኝቶ ስለሚጎትተው ጭቃው ውስጥ ይቀብረዋል። ልጄ እንደገና ስትነካው ገመዱ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያ ዳር ላይ ያለ አንድ ደረቅ ግንድና ከበስተኋላው ያለ የቆርቆሮ ጣራ አሳያትና «እነዚህ ሁለቱ ከተለያዩ ንገሪኝ» አላት፤ ግንዱና ጣራው በአንድ መስመር እስከታዩ ድረስ ጀልባዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም ማለት ነው። እስኪመሽ ድረስ ከዚያ ግንድ ዓይኗን አልነቀለችም።

አንድ ቀን ጠፋብን ብለን ስናዝን፣ ልጆቹ ግን ከአራቱ ቀናት ሁሉ የሚያወሩት ስለዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ጭኮና ቆሎ በላን፤ አማቴ ለልጁ ዝንጅብል አፍልተው ሰጡት፤ ከደንገሉ ውስጥ ወፎች ይንጫጫሉ። ስለ ማቅለሽለሽ የተማርነው ልጅን ከጀልባው መሐል ወደ ኋላ፣ እንቅስቃሴው ወደሚቀንስበት ማስቀመጥ፣ ስልክና መጽሐፍ አስጥሎ ሩቅ ያለውን የየብስ መስመር እንዲያይ ማድረግ፣ ባዶ ሆድም ሙሉ ሆድም ይዞ አለመነሣት ነው።

በሦስተኛው ቀን 12 ሰዓት ላይ፣ ያለ ቡና፣ ተነሣን። ትናንት ያስጨነቀን ውኃ ላይ አንዲት ሞገድ አልነበረችም። ከሦስት ሰዓት በፊት ናርጋ ሥላሴ ነበርን። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸ ነው፤ ሴት የሠራችውን ቤት ሴቶች ተቀምጠን ማየታችን ለልጄ ትልቅ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ወንድሟ ወደ ዳጋ ሲሄድ አኩርፋ ነበር። «እኔስ ለምን?» ስትል አያቷ «ልጄ፣ እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ ዳጋ እስጢፋኖስን የተሳለምኩት ከጅማ ሆኜ ነው፤ ዛሬማ ቀርበናል» አሏት። መልሱ አላጠገባትም፤ እኔም እንድትጠግብ አልገፋኋትም። ዳጋ የአጼ ዘርዓ ያዕቆብና የአጼ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አስከሬን ያረፈበት ገዳም ነው፤ ባለቤቴ ሲመለስ ያየውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ተረከላት፣ ታናሹ ግን ያወራው ስለ ዳገቱ ብቻ ነበር። ከደሴቱ ሰዎች ፈቃድ ጠይቀን ደቅ ላይ ድንኳን ተክለን አደርን። የጥር ሌሊት ይበርዳል፤ ጋቢ ጨምራችሁ ያዙ። ስልክም በየቦታው ስለማይሠራ የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ ከተማ ላለ ሰው ነግራችሁ ውጡ።

በአራተኛው ቀንም ማለዳ ተነሥተን፣ እንጦስ ኢየሱስን ተሳልመን፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ለማየት ዞርን። ካፒቴኑ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ከሩቅ ቆመ፤ በጉማሬውና በዳሩ መካከል መግባት መሸሻውን መዝጋት ስለሆነ ፎቶ አንሺ ቢለምነውም እንደማይጠጋ ነገረን። የታየው ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው። ልጆቹ ረኩ። ከስድስት ሰዓት በፊት ባሕር ዳር ወርደን ነበር፤ ነፋሱ ሲነሣ እኛ ዓሣ እየበላን ከመስኮት አየነው።

ስለ እምቦጭ የሚጠይቁኝ አሉ። አረሙ በጣና መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን የበረታው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ እኛ በሄድንበት በደቡብ ምዕራቡ በኩል አላገደንም። ይልቁን የሚያስፈራው ቢልሃርዚያ ነው። ትሉን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው አረም ባለበት፣ ውኃው በተኛበት ጥግ ነው፤ ማለትም ጀልባ ለመጠለል በሚመርጠው በዚያው ስፍራ። ልጆቹን እንዳይዋኙ ከልክዬ ነበር፤ ታናሹ ግን በዘጌው ሥርጥ እግሩን ከጀልባው ጎን አውጥቶ ውኃ ውስጥ ሲያንቦጫርቅ አገኘሁት። ወዲያው በፎጣ አደረቅኩት፤ ይህ ግን ዋስትና አይደለም፤ ትሉ በቆዳ ለመግባት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ወዲያው ቢመረመሩ እንቁላሉ በሰገራ ስለማይታይ ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ ጅማ ላይ ሁላችንም ተመረመርን፤ ነጻ ሆነን ተገኘን። ቢገኝም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ የሚጎዳው ሳይታወቅ ዓመታት ሲቆይ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ውጭ አገር ያለችው እህቴ ለልጆቹ ምን ልላክ ብላ ስትጠይቀኝ፣ በእግር መካከል የሚታሰሩ ሁለት ላይፍ ጃኬቶች አልኳት። ሳቀችብኝ፣ ላከች። እስካሁን ሦስት ቤተሰብ ተውሷቸው ጣና ደርሶ ተመልሷል። አንደኛው 15 ኪሎ ለሚመዝን፣ ሁለተኛው 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይሆናል፤ ከጅማ የምትነሡ ከሆነ ቤት መጥታችሁ ልጆቻችሁን አልብሳችሁ፣ በትከሻው ይዛችሁ አንሥታችሁ ለኩ።